እትዬ ስህተት

እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ልብሱን ሰፍቼ ያስረከብኩት ደንበኛ «እጅህን ይባርከው» ሲለኝ እንኳ «ቁልፉን አጥብቄዋለሁ» ከማለት ያለፈ መልስ የለኝም። ቁጣ ሲሆን ግን ማንም አይቀድመኝም። ባለቤቴ «አንተን ለማስቆጣት ዝንብ ትበቃለች» ትለኛለች፤ ዋሸች አልልም። ዛሬ ግን እንደምንም ብዬ ማመስገን አለብኝ። የማመሰግናት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ሰፈርተኛው አንድ ሰሞን «እትዬ ስህተት» እያለ መሳቂያ ያደረጋት ሴት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ስለዚህ «እሳቸው» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የከለከለችኝ ራሷ ናት። ገና በተዋወቅን ሰሞን «እርስዎ፣ እርስዎ» እያልኩ ሳስቸግራት «አንቱታውን ለርዕሰ መምህሩ አስቀምጥላቸው፤ እኔን ይሰፋኛል» አለችኝ። ለልብስ ሰፊ እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን ይመለሳል? ተውኩት።

ሱቄ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር ስላስቀመጥኩ ማን አረፈደ፣ ማን አለቀሰ፣ ማን ሳይፈቀድለት ሾልኮ ወጣ፣ ሁሉም ከዓይኔ አያመልጥም። የልጆቹን ዩኒፎርም የምሰፋውም የምጠግነውም እኔው ነኝ። ኪሱ የተገነጠለበት ልጅ ድንጋይ ሲለቅም እንደሚውል፣ ጉልበቱ የሳሳበት ብይ ተጫዋች እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። እጅጌው በጥርስ የታኘከ ከሆነ ደግሞ ልጁ የሚፈራው ነገር አለ ማለት ነው። የገዛ ልጄ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ የሁለቱም እጅጌዋ ጫፍ ተበልቶ ክሩ ተንጠልጥሎ ነበር።

ልጄን ሚጢጢ ነው የምንላት። ስትወለድ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበርና ስሙ በዚያው ቀረባት። ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም፤ ከእናቷ ጋር ወሬ ከጀመሩማ እኔ ቤቱ ውስጥ መኖሬም ትዝ አይላቸው። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ግን አንድ ቀን ክፍሉ ፊት ቆማ ስታነብ ዓይኗ አንድ መስመር ዘለለና፣ ላሚቷ አዲስ ጫማ ተጫምታ ሐኪም ቤት ሄደች። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። የያኔዋ መምህር ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን «በይ ከላይ ጀምሪ» አለቻት። ጀመረች። ላሚቷ ጋ ስትደርስ ድምጿ ጠፋ። ልጆቹ ደግመው ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚጢጢ ፊት መጽሐፍ ከተዘረጋ አፏ ግጥም ይላል።

ያልሞከርነው የለም። እናቷ በማባበል፣ እኔ በቁጣ ጀመርን። አልሆን ሲለን ተቀያየርን፤ እናቷ ተቆጣች፣ እኔ አባበልኩ፣ የእኔ ማባበል ከቁጣዬ የባሰ አስፈራት። ሐኪም ጋ ወሰድናት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በባትሪ አይቶ «ይህ ጉሮሮ እንኳን ለንባብ ለዘፈንም ይበቃል» ብሎ ሸኘን። ለብቻዋ እንደምታነብ ግን እናውቃለን። አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ መጽሐፍ እያየች ብቻዋን ስትስቅ ስንት ጊዜ ደርሰንባታል። «ምን አሳቀሽ?» ስንላት መጽሐፉን ትራሷ ሥር ትወሽቀዋለች።

ያስጨነቀን የትምህርት ቤቱ ሕግ ነበር። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል ለማለፍ ልጁ በዓመቱ መጨረሻ አስተማሪዎች ፊት ቆሞ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ያላነበበ ይደግማል። ሒሳቧ ደህና ነው፣ ጽሕፈቷ ያምራል ብትል የሚሰማህ የለም። ሚጢጢ ከደገመች ከእሷ ባነሱ ልጆች መሀል ተቀምጣ የባሰ ዘግታ እንደምትቀር ለእኔም ለእናቷም ግልጽ ነበር።

አዲሷ አስተማሪ የመጣችው ሚጢጢ ሦስተኛ ክፍል የገባች ዓመት ነው። ረጅም ናት። ትልቅ ቦርሳ ታነግታለች፤ ስትራመድ ቦርሳው ጭኗን እየመታ ይከተላታል። ስትስቅ ከክፍሏ እስከ ሱቄ ይሰማል። ከመጣች ብዙም ሳትቆይ መንገዱን ተሻግራ ሱቄ ገባችና «ከዩኒፎርም የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ አለህ?» አለችኝ።

«ምን ሊያደርጉበት?» አልኳት። ያኔ ገና አንቱ ላይ ነኝ።

«መጽሐፍ ላለብስበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ያማሩ የተረት መጻሕፍት ነበሩት፤ ያውም ከአንዱ ብዙ ብዙ ቅጂ። ግን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነው የሚኖሩት። እንግዳ ሲመጣ «ይኸው መጻሕፍታችን» ይባላል፤ እንግዳው ይሄዳል፤ መስታወቱ ይወለወላል። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሆነው አይደለም። መጽሐፍ ይወዳሉ፤ አዲስ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን ሳይገፍ እንደሚቀመጥበት ሰው ነው የሚወዱት እንጂ። ቁልፉን ስትጠይቃቸው «ቢቀደዱስ?» አሏት። «ካልተነበቡ ከተቀደዱት በምን ይሻላሉ?» አለቻቸው። ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ ልብስ ለብሰው ይውጡ በሚለው ተስማሙ። እኔም ሰፋሁላቸው። መጽሐፍ ለክቼ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንደ መጽሐፍ የማያጉረመርም ደንበኛ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ክሊኒክ ሆነች። ልብሱ የተቀደደ፣ ስፌቱ የተተረተረ መጽሐፍ ሲኖር ልጆቹ በሁለት እጃቸው እንደ በሽተኛ ተሸክመው ያመጡልኛል። «ምን ሆነ?» እላለሁ ፊቴን አኮሳትሬ። «ከአግዳሚ ላይ ወደቀ» ይላሉ። መርምሬ፣ መርፌዬን አውጥቼ፣ «ነገ ድኖ ይወጣል» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ልጅ በማግስቱ መጽሐፉን ሲረከብ መጀመሪያ አንድ ገጽ አንብቦ መዳኑን ያረጋግጣል።

መጻሕፍቱ ሰማያዊ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ክፍል ገቡ። እሷም አግዳሚዎቹን ዙሪያውን አስደረደረች፤ የራሷን ወንበር መሀል አደረገች፤ ልጆቹ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ይዘው እንዲከተሏት አደረገችና ማንበብ ጀመረች። ስታነብ ግን ትሳሳታለች። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ ማለት ሲገባት ንጉሡ ድስቱ ላይ ተቀመጠ ትላለች። ይህን የሰማ ልጅ «ያዝኩሽ!» ብሎ ይጮኻል። አዎ፣ «ያዝኩሽ»! ሕጓ ነው፤ ያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው አንቱታ የለም። የያዘው ልጅ ትክክለኛውን ይናገርና ወንበሩን ይወርሳል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ልጅ እስኪይዘው ድረስ ያነባል። የተያዘ ይስቃል፣ የያዘ ይነግሣል። ከሱቄ ሆኜ ጫጫታውን ስሰማ መጀመሪያ እረፍት ላይ ያሉ መስሎኝ ነበር።

ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ማውራት ጀመረች።

«አባዬ፣ ዛሬም ቲቸር ተሳሳተች! ንጉሡን ድስት ላይ አስቀመጠችው!»

«ማን ያዛት?»

«የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ከእሱ በፊት ነው ያየሁት።» እጅጌዋን ወደ አፏ ወሰደች። «ከያዝኳት ግን ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለብኝ።»

አንጀቴን በላችው። ሁሉን ታያለች፣ አንዱንም አትናገርም።

እኔም ብልጥ መሆን አማረኝና አንድ ቀን ከእራት በፊት ጋዜጣ አንስቼ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ ሆን ብዬ አንድ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩላት። ሚጢጢ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ «አባዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አውቀህ ነው፤ የቀሩትን ግን የእውነትህን ነው» አለችኝ። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና በሳቅ ልትሞት። ጋዜጣውን አጥፌ ወደ ቁልፍ መትከሌ ተመለስኩ።

አስተማሪዋ የሚጢጢን ነገር ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። ራሷ እንደነገረችኝ፣ ስትሳሳት ከሁሉ ቀድማ ቀና የምትል አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ ቀና ትልና ከንፈሯን ነክሳ መልሳ ታቀረቅራለች። ምንም አላለቻትም። አንድ ቀን ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያነቡ አጠገቧ ሄዳ ቁጭ አለችና «ጉሮሮዬን አሞኛል፤ እስቲ አግዢኝ፣ አብረን እናንብበው» አለቻት። ሁለቱ ባንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው እኩል ማንበብ ጀመሩ። የሚጢጢ ድምፅ በአስተማሪዋ ድምፅ ሥር ተደብቆ የትንኝ ያህል ነው፤ ግን አለ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አነበቡ፤ በየቀኑም አስተማሪዋ ድምጿን ትንሽ ትንሽ ቀነሰች። ሚጢጢ ይህን ትወቅ አትወቅ እንጃ። ብቻ ቤት መጥታ «የቲቸር ጉሮሮ እስካሁን አልተሻላትም» ትለን ነበር፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው እናቷም የጉሮሮ ከረሜላ ላከችላት። አስተማሪዋ ከረሜላውን ሳትወድ በግድ ስትመጥ ሰነበተች።

ይህ ሁሉ ግን በሁለቱ መሀል፣ በሹክሹክታ ነበር። ክፍሉ ፊት፣ ያ ወንበር ላይ፣ ገና ነው። ዓመቱ ደግሞ እየተገባደደ ነበር።

ወሬው እግር ያወጣው በዚህ መሀል ነው። «መምህራችን ዛሬ ተሳሳተች» ብሎ ቤቱ ያላወራ ልጅ የለም። አንዱ ቤት የተሰማው ሌላው ቤት ተጨምሮበት፣ ውሎ አድሮ «ማንበብ የማትችል አስተማሪ ቀጥረውብናል» ሆነና አረፈው። ከሁሉ የባሰው ባለ ዳቦ ቤቱ ነበር። ዳቦ ሊገዛ የገባ ሁሉ ወሬውንም ትኩስ ትኩሱን ይዞ ይወጣል። «እትዬ ስህተት» የሚለውን ያወጣላትም እሱ ነው። «ደግሞ ልጆቹ አንቺ ይሏታል አሉ! ያዝኩሽ ይሏታል! ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሌባና ፖሊስ?»

እኔ እውነቱን ጠርጥሬያለሁ። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ቆማ ስትጠብቀኝ፣ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ አንስታ እንደ ውሃ ስትጠጣው ሰምቻታለሁ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ያንኑ ወሬ ሲደጋግምብኝ ደሜ ፈላ። ወገቡን እየለካሁት ነበር፤ ሳይታወቀኝ ሜትሩን አጠበቅኩት።

«ኧረ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ?»

«ሴትዮዋን ተዋት!»

«ምን አግብቶህ? እኔ ለልጄ ስል ነው። ያንተ ልጅ እንኳ እስካሁን አፏን አልከፈተችም፤ ምን አስተማረቻትና ነው የምትሟገትላት?»

እዚህ ላይ ያልኩትን አልጽፈውም። ሳይለካ ወጣ። በማግስቱ ሌሎች ወላጆችን አስከትሎ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባ። ርዕሰ መምህሩም ጭንቅ ገባቸው፤ ዓርብ ከሰዓት ወላጆች ይምጡ፣ ልጆቹም ይኑሩ፣ አስተማሪዋ በሁሉ ፊት ታንብብ አሉ። ካቃታት ክፍሉን ለሌላ ሰጥተው እሷን ጽሕፈት ቤት ሊያስገቧት ነው።

ሐሙስ ዕለት የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ መጣች።

«ነገ ይለይለታል» አልኳት እየሰፋሁ። «አንዴ እንደምታውቂው አንብቢላቸውና አፋቸውን አዘጊልኝ።»

እሷ ግን ስለ እናቷ ነገረችኝ። እናቷ የሰው ልብስ በመተኮስ ነው ያሳደገቻት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ታሪክ ግን ትወድ ነበርና ካውያዋን ስትገፋ ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ ታነብላታለች። ልጅ ናት፤ ውጭ የእኩዮቿን ድምፅ ስትሰማ ገጽ ዘላ ቶሎ ልትገላገል ትሞክራለች። እናት ካውያውን ታቆምና «ቆይ ቆይ፣ በሩን ሳይከፍት እንዴት ገባ?» ትላታለች። ትያዛለች። ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ ተመልሳ በሩን ታስከፍተዋለች።

«ማንበብ የወደድኩት በመያዝ ነው» አለችኝ። «እናቴ ስትይዘኝ አብራኝ ነበር የምትስቀው። ሰው ሲስቅብህ ሌላ ነው።»

«ታዲያ ይህንኑ ነገ ንገሪያቸው! አውቄ ነው የምሳሳተው በያቸው!»

«ልጆቹ እዚያ ናቸው» አለች። «ሚጢጢ እዚያ ናት።»

አልገባኝም፤ አስረዳችኝ። ለሌሎቹ ልጆች ጨዋታ ነው። ሚጢጢ ግን አንድ ትልቅ ሰው የምሩን ሲሳሳት፣ ሲያዝ፣ ስቆ ሲቀጥል እያየች ነው ትንሽ በትንሽ የደፈረችው። አስተማሪዋ ስታስመስል ነበር ከተባለች «ለካ የእውነት የምሳሳተው እኔ ብቻ ነኝ» ትልና መልሳ ትዘጋለች። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

«ዝም ብለሽ አንድም ሳትሳሳቺ ብታነቢላቸውስ?»

«ያው ነው። እስከ ዛሬ ስታታልለን ነበር ትላለች።»

«ከተሳሳትሽስ?»

«ጽሕፈት ቤት ገብቼ ማኅተም ስመታ እውላለኋ» ብላ ሳቀች፤ ያ ሳቅ ግን ከሱቄ ደጃፍም አላለፈ። ከመውጣቷ በፊት ነገ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስማለችኝ። እኔን! ዝንብ የምትበቃኝን ሰውዬ!

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችው። «አንዲት ሴት ለእኔ ልጅ ብላ ማንበብ የማትችል ልትባል ነው?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዓርብ ከሰዓት ሦስተኛ ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። ወላጆች በልጆቹ አግዳሚ ላይ ተጣጥፈን ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ተቀመጥን። ልጆቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ሚጢጢ ጥግ ይዛለች፣ እጅጌዋ አፏ ውስጥ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ ከፊት ነው፤ ከጥድፊያው የተነሣ ዱቄቱን እንኳ በቅጡ አላራገፈም። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልብስ ካለበስኳቸው መጻሕፍት አንዱን ሰጧት።

«እንግዲህ መምህርት፣ ወላጆች ይስሙ።»

ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አነበበች። እንዴት ያለ ንባብ! አንድ ሰዓት ሠሪ ከቤቱ የጠፋችበትን ወፍ ፍለጋ መንደሩን ሲዞር፣ ሲጣራ፣ የሰው መስኮት ሲያንኳኳ፣ ሁላችንም አብረነው ዞርን። ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ። ባለ ዳቦ ቤቱ አንገቱን ማከክ ጀመረ። እኔ በደስታ ከአግዳሚው ልነሣ ስል ሚጢጢን አየኋት። ዓይኗን አስተማሪዋ ላይ ተክላ አትንቀሳቀስም። አስተማሪዋም ቀና ስትል ያቺን ጥግ አየች። ገጹን ገለጠች፤ ትንፋሽ ወሰደች።

«ሰዓት ሠሪውም መሰላሉን ሾርባው ላይ አስደግፎ ወጣ።»

ልጆቹ ርዕሰ መምህሩን አይተው አፋቸውን ያዙ። የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ፣ ያ ከሁሉ ቀዳሚው፣ አባቱን አየና አንገቱን ደፋ። ባለ ዳቦ ቤቱ «አላልኳችሁም?» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ጥርሴን ነከስኩ። ባለቤቴ እንዳልነሣ ክንዴን ቆንጥጣ ይዛኛለች፤ ምልክቱ ሰንብቷል። ርዕሰ መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱና ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አስተማሪዋ መጽሐፏን ይዛ መሀል ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ያዝኩሽ!»

ቀጭን ድምፅ ነው። ሁላችንም ዞርን። ሚጢጢ እጅጌዋን ከአፏ አውጥታ ጣቷን ቀስራለች፤ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ሾርባው ላይ አይደለም! ዛፉ ላይ ነው!»

ሕግ ሕግ ነው፤ አስተማሪዋ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀች። ሚጢጢ በወላጆች ጉልበት መሀል እየተሽሎከሎከች መጣች። ወንበሩ ላይ ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም። መጽሐፉን ያዘች፤ ከዚያ ዝም አለች። ባለቤቴ መቆንጠጧን ትታ እጄን ጨበጠች።

አነበበች። መጀመሪያ ለራሷ ያህል ነበር፤ ቀጥሎ የፊተኞቹ ሰሙ፤ ከዚያ እኛ ዘንድ ደረሰ። ሰዓት ሠሪው ዛፉ ላይ ወጣ። ቅርንጫፉ ተንቀጠቀጠ። ወፏን አያት። እዚያ ላይ የሚጢጢ ዓይን አንድ መስመር ዘለለና ወፏ ባርኔጣዋን አውልቃ «እንደምን ዋልክ?» አለች። ይህ የእውነት ስህተት ነበር።

«ያዝኩሽ!» አለ የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ ሳያስበው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጄን ነው የማየው። ሚጢጢ ወደ ገጹ ተመለሰች፣ የዘለለችውን መስመር በጣቷ ፈልጋ አገኘችው፣ ወፏን ባርኔጣ እንዳስደረገቻት አየች። ከዚያ እሷም ፈነዳች፤ ከወንበሩ ልትወድቅ እስኪደርስ ሳቀች።

ዘላ ወረደች፤ የባለ ዳቦ ቤቱ ልጅ ወጣ። አባቱ የገዛ ልጁ እንዲህ ሲያነብ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማው። ከዚያ የሚይዘውና የሚያዘው በዛ። አንዲት ደፋር ልጅ ርዕሰ መምህሩን በእጃቸው ጎትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። አነበቡ። አንዲት ቃል ሳቱ። «ያዝንህ!» ብለው ጣሪያውን አናጉት። ርዕሰ መምህሩ ክው ብለው ልጆቹን አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ብዕሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ጽሕፈት ቤት የሚባል ነገር ያነሣ ሰው የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚጢጢ በእኔና በእናቷ መሀል እየዘለለች ነው። ማልያለሁና ምስጢሩን ጠብቄ «ጎበዝ ልጄ! ቲቸር ስትሳሳት አንቺ ያዝሻት» አልኳት።

ሚጢጢ ቆመች። ከኋላችን ሰው እንደሌለ ዞር ብላ አየች።

«አባዬ፣ ምስጢር ልንገርህ? ቲቸር እኮ አውቃ ነው የምትሳሳተው።»

ከእናቷ ጋር ተያየን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሥ ድስት ላይ ይቀመጣል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እንዳይከፋት ነዋ። እኛን ደስ እንዲለን ብላ እኮ ነው የምትለፋው።»

እናቷ ጎንበስ ብላ የተበላውን እጅጌዋን አስተካከለችላት። «ወንበሩ ላይ መቀመጡን አልፈራሽውም?»

«ፈራሁት» አለች ሚጢጢ። «ግን ሁሉም ዝም አሏት። ተሳስተሽ ሰው ሁሉ ሲያይሽ፣ ብቻሽን ስትሆኚ፣ እኔ አውቀዋለሁ። እንደዚያ እንዳትሆን ብዬ ነው።» ትንሽ አሰበችና ቀጠለች፦ «እንዳትነግሯት፣ እሺ?»

አልነገርናትም። ሚጢጢ ፈተናዋን አንብባ አለፈች፤ እንዲያውም ሁለት ቦታ ተሳስታ፣ ራሷን ይዛ፣ ፈታኞቹን አስቃ ነው ያለፈችው። ባለ ዳቦ ቤቱም ሳምንት ቆይቶ የሱሪ ጨርቁን ይዞ መጣ፤ እሱም አላነሣው፣ እኔም አላነሣሁት፣ ወገቡን ግን በልኩ ለካሁት። አሁን ሚጢጢ ከእናቷ በቁመት ልትስተካከል ጥቂት ነው የቀራት። «በቃ ንገራት፣ አሁን አይከፋትም» ብላ የፈቀደችልኝ ሰሞኑን ነው።

እንግዲህ እትዬ፣ ይኸው ነገርኩሽ። ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ አልተታለሉልሽም። አንቺ ለእነሱ ስትደክሚ እነሱም ላንቺ ሲደክሙ ነው የኖሩት፤ ይህን ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ። ስንት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ ላመሰግንሽ ተነሥቼ ስለ ማንገቻሽ ጠይቄሽ ተመልሻለሁ። ዛሬ ግን አፌን ሞልቼ እልሻለሁ፤ ልጄን መልሰሽልኛል፣ አመሰግንሻለሁ።